አሮጌው ጌም ለቆራሌው ከመሰጠቱ በፊት

መስቀል ሲቃረብ በሀደሮም ሆነ በሆሳዕና ቤት ይታደሳል፣ ዕቃ ይወለወላል። በዚህ ጊዜ ከአልጋ ሥር አንድ ካርቶን ይወጣና በውስጡ አቧራ የለበሰ ፕሌይስቴሽን፣ ሁለት ጆይስቲክና የተጠላለፈ ሽቦ ይገኛል። «ቦታ ከመያዝ በቀር ምን ይሠራል?» ብለው ለቆራሌው ሊሰጡት ያስቡ ይሆናል። እስቲ ጥቂት ይታገሡ።

እንደሚታወቀው ከሀዲያና ከከምባታ ብዙ ወጣቶች ለሥራ ወደ ደቡብ አፍሪካ ሄደዋል። ይህ ጌም ምናልባት የእርስዎም ልጅ ከመሄዱ በፊት ከታናናሾቹ ጋር ተራ እየጠበቀ የተጫወተበት ይሆናል። ትንሿ ሚሞሪ ካርድም ስሙንና ያገኘውን ነጥብ ይዛ ትቆያለች። እርሷ ከተጣለች ያ አይመለስም።

ገበጣ ጉድጓድና ጠጠር እስካለ ድረስ አይጠፋም፤ ሪቻርድ ፓንክረስትም እ.ኤ.አ. በ1971 ባወጡት ጽሑፍ የአጨዋወቱን ዓይነቶች መዝግበውልናል። የቴሌቪዥን ጌም ግን ያለ መሣሪያው አይነሣም። ፕሌይስቴሽን 2 እ.ኤ.አ. ከ2013 ወዲህ አይመረትም። የቪዲዮ ጌም ታሪክ ፋውንዴሽን በ2023 ባወጣው ጥናት መሠረት፣ ከ2010 በፊት በአሜሪካ ከወጡት ጌሞች ከመቶ 87ቱ በገበያ ላይ አልነበሩም።

ለዚህ ችግር ባለሙያዎች ያገኙት ዘዴ ኢሙሌተር ይባላል፤ ኮምፒዩተር እንደ አሮጌው መሣሪያ ሆኖ ጌሙን እንዲያጫውት የሚያደርግ ፕሮግራም ነው። ለምሳሌ አራት ሰዎች በአንድ ቴሌቪዥን ፊት ተቀምጠው፣ እንደ እባብና መሰላል በተራ ቁጥር እያወጡ የሚጫወቱት «ማሪዮ ፓርቲ» በ1998 የወጣ ነው። ኔንቲንዶ በ2022 በዚሁ ዘዴ ለአዲሱ መሣሪያው መልሶ አቅርቦታል። ጨዋታው የጆይስቲኩን ዘንግ በፍጥነት ማሽከርከር ስለሚጠይቅ የልጆች መዳፍ ይቆስል ነበርና፣ ኩባንያው በ2000 የእጅ ጓንት ለመስጠት ተስማምቶ ነበር። እርስዎም ልጆችዎ ሲጫወቱ እጃቸውን ይመልከቱ።

ካርቶኑን ከመጣልዎ በፊት የሚከተሉትን ቢያደርጉ መልካም ነው።

አንደኛ፣ መሣሪያውን በደረቅና ለስላሳ ጨርቅ ይጥረጉ፤ ውኃ አያስነኩት። ሁለተኛ፣ ዲስኩን ጠርዙን ይዘው ከመሐል ወደ ዳር ይወልውሉ፤ ዙሪያውን አይሹት። ሦስተኛ፣ መብራት ሲጠፋ ሶኬቱን ይንቀሉ፤ ተመልሶ እስኪረጋጋም ይጠብቁ። አራተኛ፣ የሚሞሪ ካርዱን መረጃ ወደ ኮምፒዩተር መገልበጥ ስለሚቻል ባለሙያ ያማክሩ። ሆኖም አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒዩተር ፕሮግራም ደራሲዎችንም መብት ስለሚጠብቅ፣ የገዙትን ዲስክ ለቤትዎ ያቆዩ እንጂ እየተባዛ ለሽያጭ እንዲውል አይፍቀዱ።

ዛሬ እያንዳንዱ ልጅ በየጥጉ የየራሱን ስልክ ይዞ ይቀመጣል። አሮጌው ጌም ግን በአንድ ቴሌቪዥን ፊት፣ በአንድ ምንጣፍ ላይ ይሰበስባቸዋል። ለመስቀል ይሰኩላቸው። ያ የሄደው ልጅ ለእንኳን አደረሳችሁ ሲደውል፣ ታናናሾቹ «ነጥብህን አለፍነው!» ይበሉት።