የአንኮበርን ዝናብ የሚያሰላው ኮምፒውተር ለምን ይቆማል?

ከጎረቤላ ወደ አልዩ አምባ የሚወርድ ሰው መንገድ ላይ ጋቢውን ያወልቃል። ላይ ገብስ፣ ታች ማሽላ። ብዙዎቹ የአየር ንብረት ሞዴሎች ግን መሬቱን በብዙ ኪሎ ሜትሮች በሚሰፉ አራት ማዕዘኖች ስለሚከፍሉት ሁለቱን አንድ አድርገው ያያሉ። በልግ ሲዘገይ ልዝራ ወይስ ልቆይ ለሚል የአንኮበር ገበሬ እንዲህ ያለ ትንበያ ምንም አይፈይድም።

እ.ኤ.አ. በ2019 የኔዘርላንዱ ዴልፍት የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ከሰሃራ በታች ያለውን የአፍሪካ ዝናብ በ1 ኪሎ ሜትር ልክ ማስላት ጀመረ። ስሌቱ ከባድ ስለሆነ ወርልድ ኮሚዩኒቲ ግሪድ በተባለው መረብ በኩል ተቆራርጦ ለበጎ ፈቃደኞች ኮምፒውተሮች ተላከ። ሥራውን ተቀብሎ የሚያሠራው ቦይንክ የተባለ ነፃ ሶፍትዌር ነው።

ቦይንክን ሊኑክስ ላይ የጫነ ሰው ቶሎ ተስፋ ይቆርጣል። መስኮቱ ተከፍቶ ከዋናው ፕሮግራም ጋር መገናኘት አልቻልኩም ይላል። በኡቡንቱና በዴቢያን ፕሮግራሙ የሚሠራው በራሱ የተጠቃሚ ስም ስለሆነ፣ የይለፍ ቃሉን ፋይል ሌላ ተጠቃሚ ማንበብ አይፈቀድለትም። ራስን ቦይንክ በሚባለው የተጠቃሚዎች ቡድን ውስጥ አስገብቶ፣ ከኮምፒውተሩ ወጥቶ እንደገና መግባት ነው መፍትሔው። አጥፍቶ ደግሞ መጫን ትርፉ ፓኬጅ መጨረስ ነው። ሥራ አልመጣም ካለም ጥፋቱ የኮምፒውተሩ ላይሆን ይችላል፤ መረቡ ራሱ ከአይቢኤም ወደ ቶሮንቶ ሲዛወር በ2022 ለወራት ቆሞ ነበር።

የመብራት ነገር ግን ይለያል። ላፕቶፑ ወደ ባትሪ ሲዞር ቦይንክ ሥራ ያቆማል፤ የተሠራው እንዲያ ነው። ችግሩ ከዚያ በኋላ ነው። የቆመ ሥራ ሜሞሪ ላይ ይቆይ የሚለው ምርጫ ካልበራ፣ መብራት ሲመጣ ስሌቱ የሚቀጥለው መጨረሻ ሴቭ ካደረገበት ነው። የዝናቡ ስሌት ደግሞ ሴቭ የሚያደርገው ከስንት ጊዜ አንዴ ነው። መብራት በሚመላለስበት ቤት ኮምፒውተሩ ያንኑ ቁራጭ ሲደጋግም ይውላል፤ ቆጣሪው ይቆጥራል፣ ውጤት የለም። ባትሪ ለሌለው ዴስክቶፕማ ምርጫውን ማብራትም አያድነውም። ሠሪዎቹ መብራት የማይጠፋበትን ቤት አስበው እንደሠሩት ያስታውቃል።

ስለዚህ የጎረቤላን ተማሪ ላፕቶፕህን አብርተህ እደር ማለት ተገቢ አይደለም። 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ አለ። የመማሪያ ኮምፒውተሮች ሌሊት ሥራ የላቸውም፤ ጄኔሬተር መግዛትም ከተማሪ ይልቅ የተቋም አቅም ነው። ቦይንክን አንድ ክፍል ላይ ጭኖ፣ ከምሽት እስከ ንጋት ብቻ እንዲሠራ ሰዓቱን ወስኖ መሞከር የአንድ ባለሙያ የአንድ ቀን ሥራ ነው። የመጀመሪያው ጥያቄ መቅረብ ያለበት ለኮምፒውተር ሳይንስ ትምህርት ክፍሉ ነው።