ወባና አጨዳ ሲገጣጠሙ፦ የሠራተኛው ስጋት የምርቱም ስጋት ነው

ሰሊጥ ከደረሰ ቀጠሮ አይሰጥም። ሳይታጨድ ደርቆ ከተከፈተ ፍሬው መሬት ላይ ይረግፋል፤ የዓመት ልፋትም በጥቂት ቀናት ይባክናል። በመተማ፣ በቋራና በአካባቢያቸው ባሉ ቆላማ ወረዳዎች የአጨዳ ሠራተኛ በብርቱ የሚፈለገውም ለዚህ ነው። ችግሩ ግን ክረምቱ ወጥቶ አጨዳው ሲጀመር የወባ ስርጭትም የሚያይልበት ጊዜ መሆኑ ነው።

ስጋቱ ቀላል አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት ባወጣው መረጃ መሠረት እ.ኤ.አ. በ2024 ከዓመቱ መጀመሪያ እስከ ጥቅምት 20 ቀን ድረስ በኢትዮጵያ ከ7 ነጥብ 3 ሚሊዮን በላይ ሰዎች በወባ ሲያዙ፣ 1 ሺህ 157 ሰዎች ሞተዋል።

ወደ ሰሊጥ ማሳ ከሚወርዱት ወቅታዊ ሠራተኞች ብዙዎቹ ወባ እምብዛም ከማይታይበት ደጋ የሚመጡ በመሆናቸው፣ ሰውነታቸው በሽታውን የመቋቋም ልምድ የለውም። ማደሪያቸውም ማሳው ዳር የተቀለሰ ዳስ ወይም ሜዳው ነው። አጎበር ቢኖር እንኳ መስቀያ አይገኝም። ሌሊት በአሸዋ ዝንብ ንክሻ የሚተላለፈው ካላዛርም ሌላው የአካባቢው አደጋ ነው።

ይሁን እንጂ የሠራተኛው ጭንቀት ከበሽታው ብቻ የሚመነጭ አይደለም። ክፍያው በታጨደው መሬት ወይም በቀን የሚታሰብ በመሆኑ የታመመበት ቀን ገቢ የለውም፤ ምግብና መድኃኒት ግን ወጪ ይጠይቃሉ። ቤተሰቡ ደግሞ ገንዘብ ይዞ እንዲመለስ ይጠብቃል። በዚህም ምክንያት ትኩሳት የጀመረው ሠራተኛ ሕመሙን ደብቆ ማጭዱን ይመርጣል። ለሦስት ቀን የታዘዘለትን መድኃኒት ትንሽ ሲሻለው አቋርጦ ወደ ማሳ የሚመለስም አለ። ይህ ለራሱ ሕይወት አስጊ ነው፤ በደሙ የቀረው ተህዋስም በትንኝ አማካይነት አጠገቡ ለሚያድረው ይተርፋል።

ጉዳቱ ለአሠሪውም ይደርሳል። ጓደኛው ታሞ ያለ ክፍያ ሲሰናበት ያየ ሠራተኛ በሥራው ላይ ልቡ አይረጋም፤ አጨዳውን ሳይጨርስ ይሄዳል፤ በቀጣዩ ዓመትም ወደዚያ እርሻ አይመለስም። የቀሩት የሁለት ሰው ሥራ ይሸከማሉ። አሠሪው በአጨዳው አጣዳፊ ሰዓት ምትክ ፍለጋ ሲወጣ የጉልበት ዋጋ ይንርበታል፤ ሰሊጡም ይረግፋል።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ ሲታመም የመጀመሪያውን ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹን ሁለት ወራት ደግሞ ግማሽ ደመወዝ እንዲከፈለው ይደነግጋል። ለጥቂት ሳምንታት በቃል ውል የሚቀጠር አጫጅ ግን በተግባር የዚህ ዋስትና ተጠቃሚ አይሆንም። በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ ሲከሰት መንግሥት በአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ማስፈጸሚያ ደንብ ሠራተኛን እንዳሻ ማሰናበትን መገደቡ የሚታወስ ነው። የእንጀራ ዋስትና የበሽታ መከላከል አካል መሆኑ ያን ጊዜ ታይቷል።

ለቆላው እርሻም ትምህርቱ ይኸው ነው። አሠሪዎች ሠራተኛ ከመቀበላቸው በፊት አጎበርና መስቀያው ያለው ማደሪያ ቢያዘጋጁ፣ ለታመመ ሠራተኛ ሕክምናውን እስኪጨርስ ቢያንስ ለሦስት ቀን ምግብና የተወሰነ ክፍያ በውል ቢያስቀምጡ ወጪው ከሚረግፈው ሰሊጥ ጋር የሚነጻጸር ነው። የወረዳ ግብርናና ጤና ጽሕፈት ቤቶችም የአጨዳ ዝግጅታቸውን በጋራ ማቀድ፣ የምርመራ አገልግሎቱንም ወደ እርሻዎቹ ማቅረብ ይጠበቅባቸዋል። ለትራክተሩ ነዳጅ፣ ለምርቱ ጆንያ አስቀድሞ የሚያዘጋጅ እርሻ፣ ለአጫጁ ጤናም አስቀድሞ ማሰብ አያቅተውም።