«ልጁ ምን ተማረ?»

ወረቀቱ የመጣው ኮሙኒኬሽን ደብተሩ ላይ በስቴፕለር ተመትቶ ነው። «የቤተሰብ ጉብኝት ሪፖርት» ይላል። ከእንግዲህ ወላጅ በየሳምንቱ መጨረሻ ልጁን አንድ «ትምህርታዊ» ቦታ ይወስዳል፣ ቅጹን ሞልቶ ሰኞ ጠዋት ይመልሳል፣ ፎቶውንም ቴሌግራም ግሩፑ ላይ ይለጥፋል። የሄዱበት ቦታ የሚል መስመር አለው፤ የጉብኝቱ ዓላማ የሚልም አለው። ከሥሩ ከሁሉም የሰፋው ሣጥን ይመጣል፤ «ልጁ ምን ተማረ?» ከዚያ የወላጅ ፊርማ። የቀረው ማኅተም ብቻ ነው።

ተማሪዋ ልጄ ገና አምስት ዓመቷ ነው።

በዓላማ የመውጣት ፋሽን የኛ ትምህርት ቤት ብቻ ፈጠራ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ኤፍ ኤሙም ቲክቶኩም ልጅ ዝም ተብሎ ይዞ አይወጣም እያሉን ነው። ጥቅሙ ሲሰበክ ሰምታችኋል፤ አልደግመውም። እኔ የያዝኩት ያቺን ሣጥን ነው። ማን ነው የሚሞላት? ልጅቷ ስሟን እንኳ ገና ገልብጣ ነው የምትጽፈው። የምንሞላው እኛ ነን፤ ያውም እሁድ ማታ፣ ልጆቹ ከተኙ በኋላ፣ ከራሳችን ፈጥረን። እንግዲህ በዚህች ሣጥን የሚፈተነው ማን እንደሆነና በምን እንደሆነ ፍረዱ።

ውሸቱም ሳይውል ሳያድር ተጀመረ። አንድ አባት፣ ልጆቻችን አብረው ስለሚማሩ ስሙን አልጠራም፣ ልጁን ስድስት ኪሎ አንበሳ ግቢ ወስዶ ከአጥሩ ፊት አቁሞ ፎቶ አነሳውና «ልጃችን ስለ ዱር እንስሳት ጥበቃ ጥልቅ ግንዛቤ ጨብጧል» ብሎ ለጠፈ። ልጁ ፎቶው ላይ አፉን ከፍቶ ያለቅሳል። አንበሳው ተኝቷል። ከሥሩ «ጎበዝ!»፣ «ምርጥ አባት!» ተደረደረ። ወንድሜ፣ ይህ ልጅ የጨበጠው ሱሪህን ነው። ዕድሜ ልክህን የድርጅት ሪፖርት ስትጽፍ ኖረህ ቋንቋው አልለቅህ ብሎ ይሆናል፤ በሚቀጥለው ሳምንት «የባለድርሻ አካላት ተሳትፎ» የሚል እንዳትጨምርበት አደራ።

እኛ አምስት ኪሎ ብሔራዊ ሙዚየም ሄድን። ድንቅነሽ ዘንድ ሣጥኗ የምትፈልገው መልስ የታወቀ ነው፤ ሐዳር፣ 1967 ዓ.ም.፣ 3.2 ሚሊዮን ዓመት፣ በሁለት እግር መራመድ። አጠገባችን አንዲት እናት ልጇን «ስንት ሚሊዮን? ድገሚው!» እያለች ታስጠናት ነበር። የኔዋ መስታወቱ ላይ ተለጥፋ ቆመችና መዳፏን ከአናቷ ወደ መስታወቱ ዘረጋች። «አባዬ፣ እኔን ታክላለች!» እውነቷን ነው። ድንቅነሽ ቁመቷ አንድ ሜትር ከአሥር ቢደርስ ነው። ከዚያ ትንሽ ዝም አለችና «እናቷስ የት አለች?» አለች። እዚያ አዳራሽ ስገባ ስወጣ ስንት ትልቅ ሰው ሲያስረዳ ሰምቻለሁ፤ ይህን የጠየቀ ግን አልገጠመኝም። (ቆማ የምትታየው ቅጂ መሆኗንና ዋናው አጥንት በመጋዘን ተቆልፎበት እንደሚቀመጥ ለአምስት ዓመት ልጅ ንገሩና የሚከተለውን የጥያቄ መዓት ቻሉት።) «ስንት ሚሊዮን?» እያልኩ ባጨናንቃት ኖሮ ቁጥሩን ትይዝ ነበር፤ የእናቲቱ ነገር ግን ትዝም አይላትም ነበር። አሁን ይህ በየትኛው መስመር ይሞላል? «ተማሪዋ ድንቅነሽ እናት እንዳላት ጠረጠረች» ብዬ ልጻፍ?

ደግሞ ዋናው ነገር ሙዚየሙ ውስጥ አልነበረም። ዋናው ታክሲ ውስጥ ነበር፤ ለእሱ ቅጹ ጭራሽ መስመር የለውም። ሁለት ሕፃን ይዞ ሚኒባስ የተሳፈረ ያውቀዋል። ሰልፉ አለ፣ «ልጁን እቀፉት!» የሚል ረዳት አለ፣ ገና መንቀሳቀስ ሲጀመር «ሽንቴ መጣ» አለ፣ ከጎን የተቀመጡ እማማ ከመሐረባቸው ፈትተው ቆሎ ያቃምሳሉ። የሦስት ዓመቱ ልጄ ጭኔ ላይ ሆኖ ሰዉን ሲያጠና ቆየና በድንገት ባለ በሌለ ድምፁ «ወራጅ አለ!» ብሎ ጮኸ። ሾፌሩ ጥግ ይዞ ቆመ። ረዳቱ በሩን ከፈተ። የሚወርድ የለም። ሁሉም ዞሮ ዞሮ አንድ ሕፃን ላይ ሲያፈጥ መጀመሪያ የሳቁት እማማ ናቸው፤ ቀጥሎ ታክሲው በሙሉ። ረዳቱ «አንተ ልጅ፣ ነገ ሥራዬን ልትወስድብኝ ነው!» አለው። ያ ልጅ ዕድሜውን ሙሉ «ዝም በል» ሲባል የኖረ ነው። ያን ቀን በአንድ ቃል መኪና አቆመ። ፊቱን ብታዩት! የትኛው ፓርክ፣ የትኛው የመግቢያ ትኬት ነው ይህን የሚሰጠው?

በ2011 ዓ.ም. «መንገድ ለሰው» ሲጀመር አይተናል። እሁድ አስፋልቱ ለመኪና ሲዘጋ ማንም ለልጆቹ ዓላማ አልሰጣቸውም። ሮጡ፣ ወደቁ፣ ተነስተው እንደገና ሮጡ፣ የማያውቁትን ልጅ ኳስ ቀሙ፣ ተጣልተው ታረቁ። እኔ የምለው ይኸው ነው። ዝም ብላችሁ ይዛችኋቸው ውጡ፤ ዝርዝር ስጠን ካላችሁኝ የለኝም።

ከወረቀቱ ጀርባ «የሚመከሩ ቦታዎች» የሚል ዝርዝርም አለ፤ አንድነት ፓርክ፣ ወዳጅነት ፓርክ፣ እንጦጦ። መልካም ቦታዎች ናቸው። የመግቢያውን፣ የታክሲውን፣ የውሃውንና የብስኩቱን ለአራት ነፍስ አባዝታችሁ በየሳምንቱ ክፈሉ ነው ነገሩ። ጭራሽ ሰኞ «ሪፖርት ያላስገቡ» ተብሎ የልጆች ስም ግሩፑ ላይ ተለጠፈ። ከመካከላቸው እናቷ እሁድም ሱቅ የምትከፍት ሕፃን አለች። ያቺ ልጅ ቀኑን ሙሉ ባንኮኒው ሥር ተቀምጣ ሳንቲም ትቆጥራለች፣ ደንበኛ ሲጨቃጨቅ ትሰማለች፣ ማን በዱቤ እንደወሰደ ታስታውሳለች። ሣጥኗን ሳይዋሽ ሊሞላ የሚችል ቢኖር የእሷ ቤተሰብ ነው። ስሟ የተለጠፈው ግን ከሰነፎቹ ጋር ነው።

ለመሆኑ ይህን ሁሉ የሚጠይቀን ማን ነው? ትምህርት ቤቱ ለመኖሪያ የተሠራ ቪላ ነው። ግቢው በሲሚንቶ ተለስኗል፤ ጥግ ላይ አንድ እግሯ የተነቀለ ሸርተቴ ግድግዳ ተደግፋለች። ልጆቹ ለእረፍት የሚወጡት ተራ በተራ ነው፤ መሮጥ ክልክል ነው፣ ይወድቃሉ ተብሎ። ዓርብ ዓርብ ደግሞ ቅዳሜን የሚበላ የቤት ሥራ ይመጣል፤ ከ«ሀ» እስከ «ሆ» ገጽ ሙሉ። ዳይሬክተሯ በወላጆች ስብሰባ ላይ ልጆቻችን ከስልክ ውጪ ዓለም እንደማያውቁ አዝነው ነግረውናል። ይህን ባሉ በሳምንታቸው ፎቶውን በስልክ ላኩ አሉ።

እሺ፣ ሕፃናት ወጣ ወጣ ይበሉ ከተባለ እኔም ደጋፊ ነኝ። ዳይሬክተሯም ከዛሬ ጀምሮ መኪናቸውን ከልጆቹ መጫወቻ ላይ ያንሱና ውጪ ያቁሟት።