«ሰክተህ እደር» አትበሉን

ተቆጥቻለሁ። አራትና አምስት ዓመት ሊያገለግል የሚችል የኤሌክትሪክ ሞተር ሳይክል ሊቲየም ባትሪ ዓመት ሳይሞላው ሞቶ፣ ባለቤቱ «የቻይና ዕቃ፣ ምን ይጠበቃል» እያለ ሞተሩን እየገፋ በአዴት ከተማ መሐል ሲያልፍ ሳይ ዝም ማለት አልችልም። ባትሪው የቻይና ስለሆነ አልሞተም። በዕድሜውም አልሞተም። ሰው ነው የገደለው። ገዳዩም አብዛኛውን ጊዜ ባለሞተሩ አይደለም፤ ዕቃውን ሸጦለት አጠቃቀሙን የነፈገው ነጋዴ ነው።

እኔ ሞተሬን ስገዛ ሻጩ ስለ ፍጥነቱ፣ ስለ ቀለሙ፣ ስለ ማንቂያ ደወሉ ሳይቀር አስረዳኝ። የባትሪውን አሞላል ስጠይቀው የመለሰልኝ ሁለት ቃል ነው፦ «ሰክተህ እደር።» ያችኑ ቃል ፍኖተ ሰላም ከገዙም፣ ቡሬ ከገዙም ሰዎች ሰምቻታለሁ። በቅሎ የሚገዛ የጎጃም ገበሬ ጥርሷን ገልጦ፣ ኮቴዋን አንሥቶ፣ አስረግጦ ጠይቆ ነው ገንዘቡን የሚቆጥረው። የቤተሰቡን ጥሪት ያፈሰሰበትን ባትሪ ግን አንዲት የአማርኛ ፊደል ከሌለበት ወረቀት ጋር ያስታቅፉትና «በል መንገድህን አድርገው» ይሉታል።

የኤሌክትሪክ ሞተር ወደ እኛ አገር የመጣው በቂ ምክንያት ኖሮት ነው። ቤንዚን በሃይላንድ እየተቸረቸረ፣ ዋጋው እንደ ሻጩ ፊት እየተለዋወጠ ስንት ጊዜ ተንገላታን። መንግሥት በጥር 2016 ኤሌክትሪክ ካልሆነ በቀር አውቶሞቢል ወደ አገር አይገባም አለ። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ደግሞ 5,150 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው የህዳሴ ግድብ ተመረቀ። በአባይ ውኃ የሚሄድ ሞተር መንዳት ለጎጃም ሰው ትልቅ ነገር ነው፤ እኔም ደስ ብሎኝ ነው የገዛሁት፣ ዛሬም አልጸጸትም። ነገር ግን ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ዕቃው ገባ፣ ተሸጠ፣ በየገጠሩ ተበተነ፤ እንዴት እንደሚያዝ የሚያስተምር ግን አንድ ሰው አብሮት አልመጣም።

ትልቁ በደል ያለው ቻርጀሩ ላይ ነው። ሞተሩ ላይ «72 ቮልት» ተብሎ ይጻፋል። የመጀመሪያው ቻርጀር ሲቃጠል ሰው ገበያ ወጥቶ «72» የሚል ሌላ ይገዛል፤ ቸርቻሪውም 72 የሚል አንሥቶ ይሰጠዋል። 72 ግን የባትሪው ስም ነው እንጂ ሞልቶ የሚቆምበት ቁጥር አይደለም። ስድስት ባለ12 ቮልት የአሲድ ባትሪ ሲደረደር 72 ይባላል፤ ቻርጀሩም እስከ 88 ቮልት ገደማ ይገፋዋል። ኒኬል፣ ማንጋኒዝና ኮባልት ያለበት ባለ20 ሴል ሊቲየምም 72 ይባላል፤ እሱ ግን አንዱ ሴል ከ4.2 ቮልት ማለፍ ስለሌለበት 84 ላይ መቆም አለበት። ሊቲየም አይረን ፎስፌት የሚባለው ደግሞ ባለ24 ሴል ሲሆን 87.6 ላይ ይሞላል፤ ለአንድ ሴል 3.65 ማለት ነው። ሦስቱም ላይ የተለጠፈው ያው 72 ነው! የአሲዱን ቻርጀር በባለ20 ሴሉ ሊቲየም ላይ ስትሰኩት እያንዳንዱን ሴል ወደ 4.4 ቮልት ሊገፋው ይታገላል። እዚህ ላይ በእናንተና በእሳት መካከል የሚቆመው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ባትሪው ውስጥ ያለው፣ ቢኤምኤስ የሚባለው ቦርድ። ሴል ከልክ በላይ ሲሞላ ይቆርጣል፣ ከልክ በታች ሲወርድ ይቆርጣል፣ ሲግልም ይቆርጣል።

ይህን ቦርድ ነው እንግዲህ ጠጋኞቻችን «ዳይሬክት» የሚያደርጉት።

አንድ ጥገና ቤት ውስጥ ክዳኑ የተነሣ የአንድ ሽማግሌ ባትሪ አጠገብ ቆሜ አይቻለሁ። ከቦርዱ ሁለት ወፋፍራም ጥቁር ሽቦዎች ይወጣሉ፤ አንዱ ወደ ሴሎቹ፣ ሌላው ወደ ውጭ። በላያቸው ቢ ማይነስ እና ፒ ማይነስ የሚል ምልክት አለ። ቦርዱ አደጋ ሲያይ የሚዘጋው በሁለቱ መካከል ያለውን መንገድ ነው። ጠጋኙ ልጅ ወፍራም የመዳብ ሽቦ ቆርጦ ሁለቱን በሊድ አገናኛቸው። ከዚያ ላቡን ጠርጎ፣ «አያ፣ ከእንግዲህ ዳገት ላይ አይቆርጥብዎትም» አላቸው። ሽማግሌውም ደስ ብሏቸው መረቁት፤ ከፈሉት።

ያ ባትሪ ዳገት ላይ ይቆርጥ የነበረው ምክንያት ስላለው ነው። በቴስተር ሴሎቹ አንድ በአንድ ቢለኩ ኖሮ ሌሎቹ 3.2 እና 3.3 ሲያሳዩ አንዱ ወይም ሁለቱ ብቻቸውን ወደ ታች ወርደው ይገኙ ነበር። የደከመውን ሴል አውጥቶ በእኩያው መተካት ነበር ሥራው። አሁን ግን ቦርዱ ስለተዘለለ ያ ደካማ ሴል ባዶውን እስኪቀር ይመጠጣል፤ ሲሞላም ማንም «በቃህ» አይለውም። እኒያ ሽማግሌ ከዚያች ቀን ጀምሮ ጠባቂ የሌለው ባትሪ ላይ ተቀምጠው ነው የሚሄዱት። ልጁን አልጠላውም፤ ማን አስተማረው? የሚቆጨኝ በየከተማችን ቴክኒክና ሙያ እየተባለ የቤንዚን ሞተር ፒስተን ሲፈታ ዓመታት ማለፋቸው ነው። ነገር ግን ጠጋኝ ሆይ፣ ከዛሬ ጀምሮ አውቀሃል። ዳይሬክት ማድረግ ጥገና አይደለም፤ ሰው ቤት ውስጥ እሳት መቅበር ነው።

ቤቱ ደግሞ እንዴት ያለ ቤት ነው? ሌባ ስለምንፈራ ሞተሩን ማታ እናስገባለን። የኪራይ ቤት አንድ ክፍል ነው፤ በሩም አንድ። ሞተሩ የሚቆመው በሩ ሥር፣ ቻርጀሩ የሚሰካው እዚያው፣ ልጆቹ የሚተኙት ከመጋረጃው ወዲያ። «ሰክተህ እደር» ማለት ይህ ነው! ሊቲየም ባትሪ ከነደደ እንደ ማገዶ ቀስ እያለ አይያያዝም፤ በደቂቃዎች ውስጥ ነበልባል ይተፋል፣ ጭሱ መርዝ ነው፣ ጠፋ ሲሉትም መልሶ ይነሣል። እሳቱ ደግሞ ያለው በመውጫችሁ ላይ ነው። ኒው ዮርክ ከተማ ውስጥ በ2023 እ.ኤ.አ. ብቻ በእነዚህ የሊቲየም ባትሪዎች ቃጠሎ 18 ሰዎች ሞተዋል። ከተማዋ በዚያው ዓመት ከመስከረም ጀምሮ የደኅንነት ፈተና ያላለፈ የኤሌክትሪክ ብስክሌት ባትሪ እንዳይሸጥ በሕግ ከለከለች። ያ እሳት አደጋ መኪና ሲጠሩት የሚደርስበት አገር ነው። እኛ ጋ የሚደርሰው ጎረቤት ነው፤ በጀሪካን ውኃ ይዞ።

ስለዚህ ተኝታችሁ አትሙሉ። የ40 አምፔር ሰዓት ባትሪ በ10 አምፔር ቻርጀር ከባዶ ተነሥቶ በአራት በአምስት ሰዓት ይሞላል፤ ከቀኑም ከምሽቱም ነቅታችሁ የምታገኙት ሰዓት ነው። በረንዳ ላይ፣ ዝናብ በማይነካው ጥላ፣ ከጭድና ከመጋረጃ አርቃችሁ ሙሉ። ባትሪው የሚወጣ ከሆነ አውጥታችሁ ከበር ራቅ አድርጉት። የላላና ሲነኩት የሚሞቅ ዲቫይደር ላይ አትሰኩ። ከመንገድ እንደገባችሁም ግማሽ ሰዓት አብርዱት፤ የጋለ ባትሪ መሙላት ዕድሜውን መብላት ነው።

መብራቱ እንደሚያስቸኩል አውቃለሁ። ሲመጣ ሁሉም ይሯሯጣል፤ ምጣዱም፣ ስልኩም፣ ሞተሩም አንድ ላይ ይሰካሉ። ግን መብራት ተመልሶ በመጣባት ቅጽበት ነው ኃይሉ የሚዋዥቀው፤ ቻርጀር የሚቃጠለውም ያኔ ነው። መብራት ሲሄድ ንቀሉ። ሲመጣ ሩብ ሰዓት ያህል ታገሡ። ይህን ለመናገር ምሕንድስና አያስፈልግም ነበር፤ ሻጩ አፉን ቢከፍት ይበቃ ነበር።

«ሰማንያ ኪሎ ሜትር ይሄዳል» የምትባለዋም ነገር ብዙ ሰው አዋርዳለች። ከአዴት ባሕር ዳር ከ40 ኪሎ ሜትር ትንሽ ያልፋል፤ ደርሶ መልስ ሲሰላ የሚበቃ ይመስላል። አዴት ግን ከባሕር ዳር 400 ሜትር ገደማ ከፍ ይላል። ስትሄዱ በጥቅሉ ቁልቁለቱ ያግዛችኋል፤ ስትመለሱ ዳገቱ አለ፣ ከገበያ የተጫነው ዕቃ አለ፣ አንዳንዴም ከኋላ የተፈናጠጠ ሰው አለ። ባሕር ዳር ላይ ግማሽ የሚያሳየው ባትሪ አዴት አያደርስም። መንገድ ላይ ይቆማል፤ ሰውየው ትንሽ አሳርፎ ያስነሣዋል፤ እንደገና ይቆማል፤ እንደገና ያስነሣዋል። ባትሪ በዚህ በዚህ ነው የሚያልቀው። ከአምስት አንዱ እጅ ሲቀር ማቆም፣ ባሕር ዳር ላይም ዕቃ እስኪገዛ ድረስ የምትሞሉበት ደንበኛ ማበጀት ይሻላል።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ግን ቆሞ የሚሞተው ባትሪ ነው። ከ2015 ክረምት ወዲህ ክልላችን በግጭት ውስጥ ነው። መንገድ ሲዘጋ ሞተር ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ቤት ይቆማል። ሰው በመጨረሻው ቀን ጨርሶት የገባውን ባትሪ እንደነበረ ይተወዋል። ማንቂያ ደወሉና ቦርዱ ግን ቆሞም ትንሽ ትንሽ ይመጥጡታል። ሴሉ ከ2 ቮልት በታች ወርዶ ሲሰነብት ውስጡ ያለው መዳብ ይሟሟል፤ ያንን ባትሪ በኋላ አስገድዶ መሙላት አደገኛ ነው። ሞተራችሁ የሚቆም ከመሰላችሁ ግማሽ ያህል ሞልታችሁ፣ ብሬከሩን አጥፍታችሁ፣ ሙቀት በሌለበት አቁሙት፤ በየወሩም እዩት። ጥግብ አድርጋችሁ ሞልታችሁም አታቁሙት፤ ያም ያስረጀዋል። ስንት ቤተሰብ ሰላም ሲሆን ሠርቼ እበላበታለሁ ብሎ ያስቀመጠው ንብረት ይህችን ባለማወቅ ብቻ ብረት ሆኖ ቀረ!

ኪጋሊን ተመልከቱ። ሩዋንዳ ከጥር 2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዋና ከተማዋ አዲስ የሚመዘገብ የታክሲ ሞተር ኤሌክትሪክ ብቻ እንዲሆን ወሰነች። ነገር ግን እዚያ ባትሪ የሚያቀያይሩ ጣቢያዎች አሉ፤ የሚሞላውም የሚንከባከበውም ድርጅቱ ነው፤ አሽከርካሪው ባዶውን ሰጥቶ ሙሉውን ወስዶ ይሄዳል። እኛ ግን የኬሚስትሪውን ሸክም ሁሉ የገበሬው ትከሻ ላይ ጣልንበት፤ ከዚያም ሲሳሳት «አላወቀበትም» እንለዋለን።

ይህ ሕዝብ የማይማር ሆኖ አይደለም። የአዴት ግብርና ምርምር ማዕከል ያወጣውን የተሻሻለ ዘር ገበሬው ተቀብሎ የዘራው የልማት ሠራተኛ ማሳው ድረስ ሄዶ ስላሳየው ነው። ማዳበሪያ ስንት፣ መቼ፣ እንዴት ተብሎ ተነግሮታል። ባትሪ ከዚያ አይከብድም። አንድ ገጽ የአማርኛ ወረቀት፣ ክዳኑ ላይ የተለጠፈ አንድ ቁጥር፣ ሲረከብ ሩብ ሰዓት ማብራሪያ። ይህን የማያደርግ ሻጭ የኤሌክትሪክ ሞተር እንዳይሸጥ መከልከል አለበት። ቤንዚን መኪና እንዳይገባ በአንድ ውሳኔ ማገድ የቻለ መንግሥት፣ የሙሌት ቮልቱና የሴሉ ዓይነት በአማርኛ ያልተጻፈበት ባትሪ ከጉምሩክ እንዳይወጣ ማድረግ አያቅተውም። ቻርጀር ለብቻው የሚቸረችረውም «72 ነው» ብሎ እንዳይገላገል ሕግ ይያዘው።

እስከዚያው ግን ዛሬውኑ ቻርጀራችሁን ገልብጡት። ከሥሩ «አውትፑት» በሚለው መስመር የተጻፈውን ቁጥር አንብቡ፦ 84 ነው? 87.6? 88 ወይስ ሌላ? ባትሪው ላይ የተለጠፈውን የሙሌት ቮልት ፈልጋችሁ ከእሱ ጋር አስተያዩት። ባትሪው ላይ ካልተጻፈ ሴሉ ስንት እንደሆነና ዓይነቱ ምን እንደሆነ ሻጩ ጽፎ ይስጣችሁ። ካልተገናኘ አትሰኩት። ደረሰኛችሁን ይዛችሁ ወደ ሸጠላችሁ ሰው ተመለሱ፤ ትክክለኛውን ሳይሰጣችሁም ከሱቁ አትውጡ።