ገድልና ጀብዱ

ባለፈው ወር ለልብስ ሳሙና ማስታወቂያ «ከቆሻሻ ጋር የተደረገ ገድል» የሚል መስመር ጽፌ አለቃዬ በጣም ወደደው። ማታ ቤት ጮክ ብዬ ሳነበው የሰማችኝ የሰባት ዓመት ልጄ ግን «ማሚ፣ ገድል መግደል ነው?» አለችኝ። እናንተ ብትሆኑ ምን ትመልሱ ነበር? እኔ «እራትሽን ብዪ» ነው ያልኳት።

ነገሩ ግን ከነከነኝ። ፊደሎቹ ይመሳሰሉ እንጂ በግእዝ ገደለ ለማለት «ቀተለ» ነው የሚባለው። ገድል ትግል ነው፣ መከራን ችሎ መጽናት ነው። ተጋድሎ የምንለውም ከዚያው የመጣ ነው። የቅዱሳን ሕይወት የተጻፈባቸው መጻሕፍት ገድል የተባሉት ለዚህ ነው። የወለተ ጴጥሮስን ገድል አስቡ። በ17ኛው ክፍለ ዘመን ዐፄ ሱስንዮስ የካቶሊክን እምነት ሲያውጁ አልቀበልም ብላ የተሰደደች ሴት ናት እንጂ ጦር ይዛ የዘመተች አይደለችም።

ጀብዱ ሌላ ነው። ደፍረው አንድ ጊዜ ይሠሩታል፣ ከዚያ ይወራል። ገድል ጊዜ ይፈልጋል። አበበ ቢቂላ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. (የአዲስ ዓመት ዋዜማ መሆኑን ልብ በሉልኝ!) ሮም ላይ ማራቶንን በባዶ እግሩ ሮጦ ሲያሸንፍ የሠራውን ጀብዱ ብትሉት አልጣላችሁም። እኔ ግን ገድል እለዋለሁ። 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ለባዶ እግር ረጅም ነው።

ይህንን ሁሉ ለልጄ አስረዳኋት። እሑድ አባቴ ቤት ቡና ስንጠጣ «አባባ፣ የእርስዎ ገድል ምንድን ነው?» ብላ አረፈችው።

አባቴ ወታደር ነበሩ። ስለ ጦርነቱ ለእኛ ለልጆቻቸው አንድ ቀን አውርተውን አያውቁም። እኔ ወሬ ልቀይር ስል ሲኒያቸውን አስቀመጡና «በ83 ከከረን እስከ ከሰላ በእግሬ ሄድኩ» አሉ። «ጫማዬ መንገድ ላይ አለቀ።»

«እንደ አበበ?»

«አበበስ ሮጠ። እኔ አነክስ ነበር» ብለው ሳቁ። ስንት ቀን እንደፈጀባቸው ጠየቅኋቸው። ሦስተኛው ቡና ቀዝቅዞ፣ መብራት ተበርቶ፣ ገና ሁለተኛው ቀን ላይ ነበሩ።

ሰኞ መስመሩን «ከቆሻሻ ጋር ትንቅንቅ» ብዬ ቀየርኩት። አለቃዬ የፊተኛው ይሻል ነበር እያለ ነው።