አስተማሪ ልጅ «መጽሐፍ ልጻፍ» ስትል

በሽኩና ሄ ልጁ የሁለተኛ ደረጃ አስተማሪ የሆነችለት ቤተሰብ አንገቱ ቀና ይላል። ባግሩቱም፣ ዲግሪውም፣ ክቪዑቱም በስንት ልፋት የመጣ ነው። ታዲያ ያቺው ልጅ «ማታ ማታ ልብ ወለድ እየጻፍኩ ነው፤ ስለ እኛ ቤት ነው» ብትል ሽማግሌዎች ሁለት ነገር ይፈራሉ። አንደኛው ሥራዋን እንዳትተው ነው። ሁለተኛው ገመና አደባባይ እንዳይወጣ ነው።

የመጀመሪያው ብዙም አያሳስብም። ሐዲስ ዓለማየሁ ከጣሊያን ወረራ በፊት በጎጃም አስተማሪ ነበሩ። ከዚያ ጦርነቱ መጣ፣ ጣሊያን አገር መታሰሩ መጣ፣ አምባሳደርነቱና ሚኒስትርነቱም መጣ። «ፍቅር እስከ መቃብር» የታተመው በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ1958 ነው፤ ያኔ ዕድሜያቸው ሃምሳውን አልፎ ነበር። በዛብህም ቢሆን ከሰብለ ወንጌል ጋር የተቀራረበው ሊያስተምራት ቤት ገብቶ ነው፤ የጻፈው ሰው ማስተማርን እንደሚያውቅ እዚያ ላይ ይታያል። ፊደል ያልቆጠረውም ሰው ታሪኩን በሬዲዮ በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ ሰምቶታል። የፊታውራሪ መሸሻ ትዕቢት ሳይሸፋፈን ተጽፏል፤ ጎጃም ግን በዚህ መጽሐፍ ተከበረ እንጂ አልተዋረደም።

ቢሆንም የሰፈር ባላባት ሌላ፣ የገዛ አባት ሌላ። ሁለተኛው ፍርሃት ለዚህ ነው የሚከብደው። በዚህ ላይ የፈረንሳይዋ ደራሲ የአኒ ኤርኖ ነገር መስማት ይጠቅማል። ያደጉት በኖርማንዲ፣ ኢቭቶ በምትባል ትንሽ ከተማ ነው። አባታቸው በመጀመሪያ የእርሻ ሠራተኛ፣ ቀጥሎ የፋብሪካ ሠራተኛ፣ በመጨረሻ ከሚስታቸው ጋር ትንሽ ሱቅና ቡና ቤት የያዙ ሰው ነበሩ። ልጅ ተምራ የሁለተኛ ደረጃ አስተማሪነት ፈተና አለፈች፤ ብዙም ሳይቆይ በ1967 አባት ሞቱ። ኤርኖ ለብዙ ዓመታት እያስተማሩ ጻፉ። በ1974 የወጣውን የመጀመሪያ መጽሐፋቸውን ከባላቸው ተደብቀው ነው የጻፉት። ስለ አባታቸው የጻፉት ቀጭን መጽሐፍ በ1984 የሬኖዶን ሽልማት አገኘ፤ በ2022 ደግሞ ኖቤል መጣ።

በዚያ መጽሐፍ አባትየው አልተኳሉም። ሲናገሩ እንዳይሳሳቱ መሳቀቃቸው፣ ልጅ በተማረች ቁጥር በመሀላቸው ወሬ እየጠፋ መሄዱ፣ ሁሉም እንዳለ ተጽፏል። ይሄ ለሽኩና ሄ ምኑ አዲስ ነው? እዚያ ርቀቱ ከሱቅ ፈረንሳይኛ እስከ ትምህርት ቤት ፈረንሳይኛ ነበር፤ እዚህ ከአማርኛና ከትግርኛ እስከ ዕብራይስጥ ነው። የኩፓት ሆሊም ወረቀት በልጁ የሚያስነብብ አባት ያንን መሳቀቅ ማንም ሳይነግረው ያውቀዋል።

ኤርኖ ሬኖዶን ባገኙበት በዚያው በ1984፣ በሱዳን በኡም ራኩባ መጠለያ ቤተ እስራኤል ወገናቸውን ይቀብሩ ነበር። ስለዚያ ጊዜ ብዙ አባቶች ለልጆቻቸው ግማሹን ብቻ ነው የነገሩት። ውኃ ማን እንደከለከለ፣ ማን መንገድ ላይ እንደቀረ፣ በምን ምክንያት እንደቀረ አይነገርም። አስተማሪዋ ግን ለመጻፍ ከቆረጠች ትጽፋለች። ካልነገሯት በግምት ትሞላዋለች፤ የግምቱ ገመና ደግሞ ከእውነተኛው የባሰ ሊሆን ይችላል።

ሽማግሌዎች ቅድመ ሁኔታ ቢያስቀምጡ ነውር የለበትም። የሰዎቹ ስም ይቀየር፤ ሳይታተም በፊት ደግሞ በአማርኛ ቤት ውስጥ ይነበብላቸው። በዕብራይስጥ የተጻፈውን ለአያት በአማርኛ መልሶ ማንበብ ለአስተማሪዋ ቀላል ሥራ አይሆንም፤ ብዙ ቃል የሚታረመውም እዚያ ላይ ነው። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ከጁን 20 በኋላ ተዘግተው እስከ ሴፕቴምበር 1 አይከፈቱም። ሦስቱ የቡና ስኒ እስኪጠጣ ስልኳን መቅጃ አድርጋ ጠረጴዛው ላይ ብታስቀምጥ፣ በእነዚህ ሳምንታት ስንቱ ነገር ይወጣል።