የቤት አያያዝ፤ ስለ አሮጌ የጋዝ ምድጃና ማሞቂያ

ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ በተቀመጠችው በአዲስ አበባ፣ ይልቁንም ወደ ወጨጫ ተራራ በሚመለከተው በኮልፌ ቀራንዮ በኩል፣ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት እንዴት እንደሚበርድ ለነዋሪው መንገር አያስፈልግም። ስለዚህ ቤተ ሰቡ ማታ ማታ እሳት ወዳለበት ይሰበሰባል። የማድ ቤቱ የቡታ ጋዝ ምድጃ ወጡ ከተሠራ በኋላ እንዲያሞቅ ተብሎ ሳይጠፋ ያመሻል፤ ከቀድሞው ባለቤት የቀረ የጋዝ ማሞቂያ ወይም የገላ መታጠቢያ ውሃ የሚያፈላ የጋዝ ዕቃ ያለበት አሮጌ ቤትም አይጠፋም። እንዲህ ያለው ዕቃ ቤተ ሰብን የማያሰጋ መሆኑ በምን ይታወቃል? የዛሬው ጽሑፋችን ስለዚሁ ነው።

አስቀድሞ ስሙን እንለይ። በቋንቋችን «ጋዝ» የሚለው አንድ ቃል ሁለት ነገር ይጠራበታል፤ አንደኛው በጠርሙስና በጀሪካን የሚቀዳው ነጭ ጋዝ ወይም ላምባ ሲሆን፣ ሁለተኛው በብረት ሲሊንደር ታምቆ የሚሸጠው ቡታ ጋዝ ነው። እኛ የምንናገረው ስለ ሁለተኛው ነው።

ስለ አሮጌ ዕቃ ሲጠየቅ ብዙው ሰው «ይህን ያህል ዓመት ስንጠቀምበት ምን ሆንን?» ብሎ ይመልሳል። መልሱ ልብን ያሳርፋል እንጂ ማስረጃ አይሆንም። ምድጃው ባይለወጥ እንኳ ቤቱ ተለውጧልና። ቀድሞ በጭቃና በእንጨት የተሠራው ቤት በበሩ ሥር፣ በመስኮቱ ጠርዝ፣ በኮርኒሱ ስንጥቅ ሁሉ ነፋስ ይገባበት ነበር፤ ያ የምናማርረው ነፋስ ግን ለእሳቱ አየር ያቀብል፣ የተቃጠለውንም አየር ያወጣ ነበር። አሁን ቤቱ ሲታደስ የአሉሚኒየም መስኮት ይገባለታል፤ ኮርኒሱ በጂፕሰም ይደፈናል፤ በበሩ ሥር ጨርቅ ይጠቀጠቃል። ለ20 ዓመት ማንንም ያልጎዳ ምድጃ ቤቱ በታደሰበት በዚያው ክረምት ጉዳት ሊያደርስ የሚችለው ስለዚህ ነው። እንግዲህ አሮጌን የጋዝ ዕቃ የሚመረምር ሰው ከዕቃው በፊት ክፍሉን ይመርምር፤ አየር በየት ይገባል፣ በየትስ ይወጣል ብሎ ይጠይቅ።

አየር ባነሰው እሳት የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለው ጋዝ ቀለምም ሽታም የለውም። በደማችን ውስጥ ኦክሲጅን ተሸካሚ የሆነውን ሄሞግሎቢን ከኦክሲጅን ከ200 ጊዜ በሚበልጥ ኀይል ስለሚይዘው፣ ሰው እየተነፈሰ ሳለ ሰውነቱ አየር ያጣል። ምልክቱ ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ የጉልበት መክዳት ነው። ይህን ሁሉ ብርድ ነው፣ ምች ነው፣ ጨጓራ ነው እያልን እናልፈዋለን። የሚለየው ግን በዚህ ነው፤ በአንድ ክፍል ያሉት ሁሉ አብረው ይታመማሉ፣ ወደ ደጅ ሲወጡ ይሻላቸዋል፣ ሲመለሱ ይብስባቸዋል። እንዲህ የሆነበት ቤት እሳቱን አጥፍቶ ሰዎቹን ወዲያው ወደ ደጅ ያውጣ፤ ወደ ሐኪም ቤትም ያድርስ፤ ሕክምናው ኦክሲጅን ነውና። ሎሚ ማሽተትም ሆነ ወተት ማጠጣት ይህን ጋዝ ከደም አያወጣውም።

በከተማችን በየጊዜው የምንሰማው «ከሰል አጥፍቷቸው አደሩ» የሚለው መርዶም የዚሁ ጋዝ ሥራ ነው። ቡና የተፈላበትን ከሰል «ጭሱ አልቋል» ብሎ ወደ መኝታ ቤት ማስገባት በብዙ ቤት የተለመደ ነው፤ ነገር ግን ጭሱ ያለቀው፣ የቀላው ፍም ይህን ጋዝ ከመስጠት አያቋርጥም። የጋዝ ማሞቂያውን ፈርቶ በምትኩ ከሰል የሚያስገባ ሰው ከፈራው ወደ ባሰው ሄዷል።

ወደ ምድጃው እንመለስ። ነበልባሉ ሰማያዊ፣ አጭርና የረጋ ሊሆን ይገባዋል። ቢጫ ሆኖ የሚወዛወዝ፣ ድስቱንም ጥላሸት የሚቀባ ከሆነ አየር አንሶታል፤ ቀዳዳዎቹ በቅባትና በአመድ ተደፍነው ወይም የአየር መግቢያው ቆሽሾ ይሆናል። በዚህ ላይ የከተማችን ከፍታ ይጨመራል። በአዲስ አበባ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ስለሆነ፣ ለዝቅተኛ አገር ተሰልቶ የተሠራ ምድጃ እዚህ ሲነድ ከአየሩ ይልቅ ጋዙ ይበዛበታል። ባለሙያው ሲያስተካክለው ይህን ማሰብ አለበት። ሰማያዊ ነበልባል ማየት ግን ብቻውን ዋስትና አይደለም፤ ክፍሉ ዝግ ከሆነ መልካሙ እሳትም ቀስ በቀስ ይበላሻል። የጭስ ማውጫ ያለው ማሞቂያ ከሆነ፣ ዕቃው እየነደደ ሳለ ጧፍ አብርቶ ወደ ጭሱ መግቢያ ማስጠጋት ነው፤ ነበልባሉ ወደ ውስጥ ከተሳበ ማውጫው ይሠራል፣ ወደ ሰው ከተገፋ ወፍ ጎጆ ሠርታበት ወይም አንድ ነገር ዘግቶት ይሆናልና ዕቃው ይጥፋ። ይህ የሚደረገው ምንም የጋዝ ሽታ በሌለበት ጊዜ ብቻ ነው።

ሁለተኛው አደጋ የጋዙ ማፈትለክ ነው። ቡታ ጋዝ በተፈጥሮው ሽታ የለውም፤ የምናውቀው ክፉ ሽታ ሰው እንዲያስተውል ሆን ተብሎ የተጨመረ ነው። ዕጣን በሚጤስበትና ቡና በሚቆላበት ቤት ይህ ሽታ ሊሸፈን እንደሚችል የቤቱ እመቤት ልብ ትበል። ደግሞም ይህ ጋዝ ከአየር ይከብዳል፤ ወደ ላይ አይወጣም፣ እንደ ውሃ ወደ ዝቅተኛው ቦታ ወርዶ ይተኛል። ስለዚህ ላይኛውን መስኮት ብቻ መክፈት አይበቃም፣ በሩም ይከፈት። ሲሊንደሩ ከመሬት በታች ባለ ክፍል ወይም በፍሳሽ ጉድጓድ አጠገብ አይቀመጥ፤ ቢቻል ከውጭ ሆኖ፣ ቀጥ ብሎ ይቁም። ሊያልቅ ሲል ማጋደም ወይም በፍም ማሞቅ እጅግ የከፋ ልማድ ነው።

ማፈትለኩን በክብሪት መፈለግ እብደት ነው። የሳሙና አረፋ በሬጉሌተሩ፣ በጎማው ጫፎችና በመክፈቻው ላይ ሲቀባ፣ አረፋው ከተነፋ ጋዝ ይወጣል ማለት ነው። ጎማውን በእጅ እጠፍ አድርገህ ተመልከተው፤ ከተሰነጠቀ፣ ከደረቀ፣ ከለሰለሰም ይጣል። የውሃ ጎማ በጋዝ ጎማ ፈንታ መግጠም፣ ወይም በብሎን በሚጠብቅ የብረት ማሰሪያ ፈንታ በሽቦ መጠምጠም በየሰፈሩ ይታያል፤ የውሃ ጎማ ግን ጋዙን አይችልም፣ ውስጡ ይበላል። ጎማው በ5 ዓመት፣ ሬጉሌተሩም በ10 ዓመት ገደማ እንዲለወጥ የሚያዙ አምራቾች ብዙ ናቸው፤ የተሠራበት ዓመት በአብዛኛው ከላዩ ላይ ተጽፎ ይገኛል። ጽሑፉ ጠፍቶ የማይነበብ ከሆነ ያው ራሱ መልስ ነው።

ክፉው ሽታ በቤት ውስጥ ከተሰማ መብራት ማብራትም ማጥፋትም አይገባም፤ ትንሿ ብልጭታ ትበቃለችና። እሳት ካለ ይጥፋ፣ ሲሊንደሩ ይዘጋ፣ በሩ ይከፈት፣ ልጆችና ሽማግሌዎች ይውጡ። ስልኩ ከደጅ ይደወል፤ የአዲስ አበባ እሳት አደጋ ቁጥር 939 ነው።

በእንግሊዝ አገር ቤት የሚያከራይ ሰው ያስቀመጠውን የጋዝ ዕቃ በየዓመቱ በተመዘገበ ባለሙያ እንዲያስመረምር እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣው ደንብ ያስገድደዋል፤ እዚያ የሚኖሩ ወገኖቻችን ወረቀቱን ለመጠየቅ አይፈሩ። በኮልፌ ሰርቪስ ቤት የሚከራይ ባለትዳርም ቁልፉን ከመቀበሉ በፊት «ይህ ጎማ መቼ ተለወጠ? ማንስ ይለውጠዋል?» ብሎ ከአከራዩ ጋር ቢነጋገር ነውር አይደለም። የጎማው ዋጋ ከአንድ ወር ኪራይ በእጅጉ ያነሰ ነው፤ ማን ይክፈል በሚል ክርክር ግን ስንት ቤት ዓመቱን ሙሉ በተሰነጠቀ ጎማ ሲያበስል ይኖራል።